ዌስሊ አፉን ሲፈታ

ዌስሊ ክራብትሪ እኛ ክለብ ከመጣ ጀምሮ ሲናገር የሰማሁት ሦስት ነገር ነበር፤ “እሺ”፣ “አይ” እና “ይቅርታ”። ሦስተኛውን የሚናገረው ሰው ሲረግጠው ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ሃደርቢ ታውን በሚባል የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ተለማማጅ ልጆችን አስተምራለሁ። ክለቡን የማያውቅ ሰው ካለ አይፈረድበትም። ከሊጉ ግርጌ ተንጠልጥሎ፣ ወድቆም ሳይወድቅ፣ ዕድሜውን የፈጀ ክለብ ነው። ሕጉ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ ኳስ ላሠልጥን ብሎ የወሰደ ክለብ ጎን ለጎን ትምህርቱንም ያስተምረው ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት ጭቃ ውስጥ ይሮጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ ይመጣሉ። እኔ ጋ ማለት የደጋፊዎች መጠጥ ቤት ነው፤ ክለቡ ሌላ ክፍል የለውም። ቅዳሜ ቢራ የተደፋበት ምንጣፍ ላይ ቆሜ ማክሰኞ ስለ ሰው ልጅ ልብና ሳንባ አስረዳለሁ። ምንጣፉ ጫማ ይዞ አልለቅም ስለሚል ተማሪ ድምፅ ሳያሰማ ሾልኮ መውጣት አይችልም። ሌላ ጥቅም አላገኘሁበትም።

የወጣቶቹ አሰልጣኝ ኔቪል ትምህርትን የሚያየው እንደ ዝናብ ነው። ይመጣል፣ ያረጥባል፣ ያልፋል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እሱም በልጅነቱ እዚሁ ተለማማጅ ነበር፤ በሱ ጊዜ ተለማማጅ የሚማረው የአንጋፋ ተጫዋቾችን ታኬታ መጥረግ ብቻ ስለነበር ትምህርቱን በሚገባ አጠናቅቋል። ታኬታ መጥረጉ ዛሬም አልቀረም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከዋናው ቡድን አንድ ተጫዋች ይሰጠዋል። ለዌስሊ የደረሰው አምበሉ ዳረን ነው። ዳረን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አፍንጫው ደጋግሞ ተሰብሮ በፈለገው አቅጣጫ የዳነ፣ ከልጆቹ ጋር ከስድብ ውጪ በሌላ ቋንቋ የማይነጋገር ሰው።

የልምምዱ ሁለት ዓመት ሲያልቅ፣ በሚያዝያ፣ ልጆቹ ተራ በተራ ኔቪል ቢሮ ይጠራሉ። ጥቂቶቹ የሙያ ተጫዋች ሆነው ይፈርማሉ። ብዙዎቹ ይቀነሳሉ። ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ አባትና እናት መኪና እየነዱ ያመላለሷቸው ልጆች፣ ከዚያ ቢሮ ወጥተው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሲሄዱ ማየት ለማንም አልመኝም። በሥራዬ ምክንያት እኔ ቢሮው ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት አያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ በገዛ ሜዳችን ላይ እየተጫወቱ ነበር። ከተጋጣሚ ወገን ረጅም ኳስ መጣች። የመሃል ተከላካያችን ዌስሊ ከኳሷ ጋር ወደ ጎላችን ሮጠ፤ በረኛችን ሃምዛ ደግሞ ጎሉን ትቶ ወደ ኳሷ ሮጠ። እዚህ ላይ የዓለም ተከላካይ ሁሉ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ “ያንተ!” ብሎ ይጮኽና ለበረኛው ይለቅለታል። ዌስሊ አልጮኸም። ሁለቱ ልጆች ግጥም ብለው ተጋጩ። ኳሷ በመሃላቸው ወጥታ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ የምትል እየመሰለች፣ ቀስ ብላ ተንከባልላ መረቡ ውስጥ አረፈች። ሃምዛ አገጩን ተሰፋ።

ኔቪል ዌስሊን ለብቻው ጠራው።

“ኳሷ የማን ነበረች?”

“የሃምዛ።”

“ታውቅ ነበር?”

ዌስሊ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

“ታዲያ ለምን አልነገርከውም?”

ዌስሊ ብዙ አሰበ። ዝናቡ ጀመረ፤ አሁንም እያሰበ ነው። “ያያል ብዬ” አለ።

ኔቪል ሰኞ ዕለት መጠጥ ቤቱ ድረስ መጣ። ትምህርት ላይ እያለሁ መጥቶ አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ሲጠርግ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

“ጆይስ፣ አንቺ ትምህርት ነሽ አይደል?”

“እንደዛ ነው የሚሉኝ።”

“እንግዲያው ይሄን ልጅ መናገር አስተምሪልኝ።”

“ዌስሊን? ያንተ ተከላካይ እኮ ነው።”

“እግሩ ደህና ነው። ጭንቅላቱም ደህና ነው፤ በአየር ኳስ የሚደርስበት የለም። አፉ ነው የማይሠራው። እኔ የማሠለጥነው እግር ነው፤ አፍ የትምህርት ክፍል ሥራ ነው።”

“ቢናገርስ?”

“ይፈርማላ።”

“እንዲሁ በደፈናው?”

“አንድ ቃል እኮ ናት ጆይስ! ‘ያንተ’ ቢለው ኖሮ ጎሉም አይገባም፣ የዛ ልጅ አገጭም አይሰነጠቅም ነበር። ይቺን ቃል አፉ ላይ አድርጊልኝ፤ በሚያዝያ እኔው ራሴ ነኝ እስክሪብቶውን የማቀብለው።”

ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ከቢራ መቅጃው በቀር ሌላ ምስክር አልነበረም።

ለዌስሊም ነገርኩት። ልጅ ምን እንደሚጠበቅበት የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ፊቱ ቀላ፤ “እሺ” አለ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግሁት፤ ድምፁ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ተገኘ። ከሃምዛ ጋር ጀርባ ለጀርባ አስቀምጬ ስለ ቁርሳቸው እንዲያወሩ አደረግሁ፤ ሃምዛ ስለ ሁለቱም ቁርስ ተናገረ። ባዶው ሜዳ ላይ አቁሜ እየጮኸ ስሜን እንዲጠራ አዘዝኩት፤ ሣር አጫጁ ሰውዬ ማጨጃውን አጥፍቶ “ምን አጥፍቶ ነው የምትቀጪው?” አለኝ። ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

ቤታቸው ክፉ ነገር የለም። አባቱ የወተት ቦቴ ይነዳል። ያሳደገው ብቻውን ነው፤ እናቱ የሞተችው ዌስሊ ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። አንድ ጊዜ ለወላጆች ቀን መጥቶ ነበር። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የምናገረውን ሁሉ በጥሞና ሰምተው፣ እኩል ተነስተው ሄዱ። ንግግርን እንደ መብራት ይቆጥቡታል፤ ማንም በሌለበት ክፍል አያበሩትም።

አንድ ቀን ትምህርት ካለቀ በኋላ ዌስሊ ወንበር እየደረደረ ቀረ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ኮቴን እየለበስኩ ነው።

“ሚስ።”

ዞርኩ።

“የምናገረው ነገር ይመጣልኛል። ግን እስኪመጣልኝ ኳሷ ትሄዳለች።”

ከዚህ ልጅ አፍ ይህን የሚያህል ነገር ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንጀቴን በላው። መልስ ፈልጌ አጣሁ፤ መናገር አስተማሪው እኔ ነኝ።

ከትምህርታቸው አንዱ ክፍል ሌላ ልጅ ማሠልጠን ነው። እያንዳንዱ ተለማማጅ ከተማው ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት እየሄደ ሕፃናትን ኳስ ማስተማር አለበት። ሌሎቹን አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ወደሆናቸው ላክኋቸው፤ እዚያ ልጆቹ ራሳቸው ሁሉን ስለሚያውቁ ሥራው ቀላል ነው። ዌስሊን ግን ሙአለ ሕፃናት መደብኩት። ምን አስቤ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም በቂ መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ሰው የሚናገረው እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

የሙአለ ሕፃናቱ መምህርት ሚስስ ብሪግስ ይባላሉ። ጡረታቸው ደርሶ ጡረታውን ያስጠበቁ ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር ብዬ ደወልኩላቸው።

“ጥሩ ነው፤ ጎል አድርገውታል” አሉኝ።

“ጎል አገባ ነው የሚሉኝ?”

“አይ፤ ዝም ብሎ ስለቆመ አንዱ የጎል ብረት እሱ ነው። ሌላኛው የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ልጆቹ ተደስተዋል።”

እዚያ ክፍል ውስጥ ስታንሊ የሚባል አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ነበር። ስታንሊ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚውለው። ማንንም አያናግርም። ምሳውን እንኳ እዚያው ይሰጡታል። ዌስሊ አንድ ማክሰኞ ጎል መሆኑን ትቶ ወደ ክፍሉ ገባና ጠረጴዛው ሥር ተጋደመ። ዌስሊ ከቁመቱ የተነሳ በር ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ልጅ ነው፤ የገባው ግማሹ ብቻ ነው። ብዙ ቆይቶ “ስታንሊ። እኔ እዚህ ነኝ” አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቶ ወጣ። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ሚስስ ብሪግስ ሁለቱን ዝምተኞች አንድ ላይ መተዉ ቢያንስ ጠረጴዛውን ያሞቀዋል ብለው ተዉአቸው።

አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ መጣ። የስታንሊ ነው።

“እግርህ ውጪ ነው።”

“አውቃለሁ” አለ ዌስሊ። “ጎበዝ፣ አየኸው።”

ሚስስ ብሪግስ ይህን ሲነግሩኝ ስልኩን ወዲያ አድርገው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። የገና በዓል ሳይደርስ ስታንሊ ሜዳ ወጥቶ ነበር። ዌስሊም ከስታንሊ ጋር ለማውራት ሲል ከሌሎቹ ጋር ማውራት ግድ ሆነበት፤ ሕፃናት ተራ ካልተጠበቀ ያኮርፋሉ።

ከዚያ ወዲህ ሚስስ ብሪግስ ዌስሊን በእጃቸው አስገቡት። የሳቸው ትምህርት አጭር ነው። መጀመሪያ ስሙን ጥራ። ቀጥሎ የሚሠራውን ንገረው፤ የማይሠራውን አትንገረው። “አትሩጥ” ሲሉት ሕፃን የሚሰማው መሮጥን ብቻ ነው፤ “ተራመድ” በለው። ሲሠራው ጎበዝ በለው። ደግሞ አስበህ አትናገር፤ እያየህ ተናገር። ልጅ ከወንበር ላይ ሲወድቅ የሚታሰብበት ጊዜ የለም። ዌስሊ ይህን ሁሉ ሰማ፤ ሠራበት። እኔ ለሳምንታት ያልቻልኩትን ሃያ ምናምን አፍንጫቸው ያልተጠረገ ሕፃናት አስተማሩልኝ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም። ዌስሊ መናገርን የተማረው ከሚስስ ብሪግስ ብቻ ነው። ሌላ ዓይነት አነጋገር እንዳለ የነገረው የለም።

በየካቲት የተጠባባቂዎች ጨዋታ ነበር። ዳረን ከጉዳት እየተመለሰ ስለሆነ እግሩን ያፍታታ ተብሎ ከልጆቹ ጋር፣ ከዌስሊ አጠገብ ተሰለፈ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ከኔቪል ጎን ቆሜአለሁ። ገና ጨዋታው ከመጀመሩ ከሜዳው መሃል ጠራ ያለ፣ የተረጋጋ፣ ደስ የሚል ድምፅ ተሰማ።

“ዳረን፣ ጓደኛህ የት አለ? ጓደኛህን ፈልግ። ጎበዝ!”

ዳረን ቀጥ ብሎ ቆመ። ዙሪያውን አየ። ቀጥሎ የማደርገውን አላውቅም ያለ ይመስል ሄዶ ጓደኛውን ፈለገ፤ ማለትም ብቻውን ነፃ ቆሞ የነበረውን የተጋጣሚ አጥቂ ያዘ።

“ሃምዛ፣ እጆችህን አሳየኝ! በጣም ጥሩ!”

“ምንድነው ይሄ?” አለኝ ኔቪል።

“እየተናገረ ነው” አልኩት።

“መናገሩንማ እየሰማሁ ነው። ምንድነው የሚናገረው?”

የተጋጣሚ አጥቂ አንዱን ልጃችንን በክርኑ ደቆሰው። ዌስሊ መሃላቸው ገባ፤ ጎንበስ ብሎ አጥቂውን ዓይን ዓይኑን አየው። “እጃችን ለራሳችን ነው። ይቅርታ በለው” አለው። አጥቂው ጢም ያለው ሰውዬ ነው፤ ትከሻው ላይ እባብ ተነቅሷል። ይቅርታ አለ። በኋላ ምን እንዳለ ሲገባው በንዴት የማዕዘን ባንዲራውን በካልቾ መታ።

ዕረፍት ሲሆን ዌስሊ ሁሉም ውኃ መጠጣቱን አረጋገጠ። ዳኛውን “ስለሰሙን እናመሰግናለን” አለው። በሁለተኛው አጋማሽ ያቺው የኅዳሯ ረጅም ኳስ፣ ራሷ ልትሆን ትችላለች፣ ከሰማይ ወረደች። ዌስሊ ከሷ ጋር ሮጠ፤ ሃምዛ ወጣ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ሃምዛ፣ ያንተ!”

ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ ሃምዛ እቅፍ ውስጥ ናት። ዌስሊ እያጨበጨበ ነው። ያን ቀን ጎል አልገባብንም። ሃደርቢ ታውን ጎል ሳይገባበት የወጣበትን ቀን የሚያስታውሱ አዛውንት ካሉ፣ አጥሩ ጋ ቆመው እርስ በርስ ሲተያዩ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ልጆቹ ስም አወጡለት፤ “ሞግዚት” አሉት። መልበሻ ክፍል ውስጥ እጃቸውን እያወጡ “ሞግዚት፣ ሽንት ቤት ልሂድ?” ይሉታል።

“ሂድ። እጅህን ታጥበህ ና።”

“ሞግዚት፣ እሱ ሰደበኝ!”

“ምን ተሰማህ?”

እሱ ላይ መሳቅ አልቻሉም፤ ቀልዱ የገባው አይመስልም፤ ወይም በጣም ገብቶታል። እያደር መሳቁ ቀረና ጎል አለመግባቱ ቀጠለ።

ዳረን አንድ ቀን መጠጥ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። የመጣው ዌስሊን ሊከስ መስሎኝ ነበር።

“ጆይስ፣ ያ ልጅ ሜዳ ላይ ጎበዝ አለኝ።”

“አውቃለሁ። ልናገረው?”

“ኧረ ተይው።” አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። “ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ቤት ነኝ። ‘አንተ ደደብ’ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ደስ አለኝ ልልሽ ነው፤ ለሰው እንዳትነግሪ።”

በሚያዝያ እንግዲህ ልቤ ሞልቶ ነበር። ዌስሊ የተባለውን አድርጓል። ኔቪል ያለውን ብሏል። ለአባቱ ደውዬ ተስፋ አለው ልል ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ መልሼዋለሁ፤ እንኳንም መለስኩት።

በዚያ ቀን ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። በላያቸው ግድግዳው ላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ፎቶ አለ። ማንም አያወራም። ኔቪል አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ አንገቱ ላይ ጠቦት በየደቂቃው ጣቱን ይከታል። እኔ እንደተለመደው ቢሮው ጥግ ላይ ነኝ።

ዌስሊ ገባ። ጎንበስ ብሎ በሩን አለፈና ተቀመጠ።

“ዌስሊ” አለ ኔቪል። “ዌስሊ፣ የኔ ልጅ። የነገርኩህን ሁሉ አድርገሃል። አንድም አላጎደልክም። ከተለማማጆቼ እንዳንተ የተለወጠ አላየሁም።”

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ለሚቀነስ ልጅ ሁሉ ይነገራል።

“እውነቱን ልንገርህ። ድሮ ስናይህ የሚታየን ዝምታህ ነበር። ሌላ ነገር አናይም። አሁን ዝምታው ሲሄድ ሌላው ታየ። ዋናው አሰልጣኝ ተቀምጦ አየህ፤ ስትዞር ትዘገያለህ አለ። መዞር ደግሞ... መዞር አይማሩትም።”

“እሺ ኮች” አለ ዌስሊ።

እኔ ግን አልቻልኩም። ተነሳሁ። “በአፍህ ብለሃል! ከተናገረ ይፈርማል ብለሃል፤ እዚያ ቢራ መቅጃ ጋ ቆመህ!”

“ብያለሁ ጆይስ።”

“ታዲያ የሰው ልጅ ምን አድርግ ነው የምትሉት? ዝም ሲል ተናገር፣ ሲናገር ዙር! ከዞረ በኋላስ ምን ልታዩበት ነው?”

“የኔ ውሳኔ አይደለም። ከላይ ነው የመጣው። ለምኛለሁ፣ በእናቴ ይሁንብኝ ለምኛለሁ።” ውሸቱን አልነበረም፤ ያም ምንም አልጠቀመም።

“ሚስ፣ ይቀመጡ” አለኝ ዌስሊ ረጋ ብሎ። ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወደ ኔቪል ዞረ። “ኮች፣ ገና ብዙ ልጅ አለህ?”

“ብዙ።”

ዌስሊ ከጠረጴዛው ላይ ጆጉን አንስቶ ውኃ ቀዳለት። “ጠጣ። መጀመሪያ በስሜ ጠራኸኝ፤ አልዋሸኸኝም። ጎበዝ።”

ኔቪል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆች እየቀነሰ ኖሯል። ውኃውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፤ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰበት።

ቀጣዩ ሃምዛ ነበር። ወንበሩ ላይ ግን የለም። ጩኸቴ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። ልጆቹ በአገጫቸው ታኬታ የሚጠርጉበትን ክፍል አሳዩን። ሃምዛ ገብቶ ከውስጥ ቆልፎታል።

ኔቪል በሩን አንኳኳ፤ ከዚያ ደበደበ። “ሃምዛ፣ ውጣ። ላንተ ጥሩ ወሬ ነው ያለኝ።”

“ለዌስሊም ጥሩ ወሬ ነበራችሁ!” አለ ከውስጥ፤ ድምፁ በለቅሶ ታፍኗል።

“እውነቴን ነው የምልህ። ልትፈርም ነው።”

“ቅጥፈት!”

ኔቪል ወደኔ ዞረ። እኔም ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የዚያን ሰዓት እግዜር ቢያግዘው እንጂ እኔ ላግዘው አልፈለግኩም። ከልጆቹ አንዱ በሩን እንስበረው አለ፤ ሌላው በመስኮት እንግባ አለ፤ የታኬታው ክፍል መስኮት የለውም።

ዌስሊ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እየወጣ ነበር። ተመለሰ። ሻንጣውን አስቀመጠ። ያ በር ከሥሩ ክፍተት አለው፤ ዌስሊ ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ተኛና ጉንጩን ክፍተቱ ጋ አደረገ። እግሮቹ ኮሪደሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘጉት።

“ሃምዛ። እኔ እዚህ ነኝ።”

ከውስጥ መልስ የለም። ዌስሊም ሌላ ነገር አልጨመረም። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ኔቪል ይጠብቃል። በመጨረሻ ከበሩ በስተጀርባ የሆነ ነገር ተንሸራተተ፤ ሃምዛም ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

“ቀነሱህ?”

“አዎ።”

“በመዞርህ?”

“አዎ።”

“እኔ እኮ ነኝ ከኋላህ ያለሁት። አንድ ቀን በመዞርህ ጎል ገብቶብኛል? አልገባብኝም!” ትንሽ አለቀሰ። “አንተ እየነገርከኝ ነው የምወጣው። አንተ ከሌለህ ማን ይነግረኛል?”

ዌስሊ ዓይኑን ጨፈነ። የሚለው ነገር እየመጣለት እንደሆነ አየሁ፤ ድሮ እንደዚህ ሲሆን ነበር ኳሷ የምትሄደው። ጸለይኩ ማለት ይቻላል።

“ሃምዛ” አለ። “ያንተ።”

ቁልፉ ተንቀጫቀጨ። በሩ ተከፈተ። ሃምዛ ፊቱ አባብጦ፣ የሰው ታኬታ ቀለም ግንባሩ ላይ ተለቅልቆ ወጣ። ዌስሊን ተሻግሮ ለማለፍ እግሩን ሲያነሳ ቆመና ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ነካው። ከዚያ ከኔቪል ጋር ወደ ቢሮው ገባ።

“ጎበዝ” አለ ዌስሊ፤ ሃምዛ ግን አልሰማውም።

አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንዲህ ላለው ነገር አልተሠራም። ዌስሊ አልተነሳም።

“ሚስ።”

“ወዬ።”

“በጊዜው አልኩት?”

“በጊዜው ነው ያልከው” አልኩት። “ኳሷ ገና አልሄደችም ነበር።”

ያኔ ፊቱን ወደ ሲሚንቶው አዙሮ አለቀሰ። ሊወስደው የመጣው አባቱ ከወተት ቦቴው ወርዶ፣ ኮሪደሩ ላይ ደርሶ፣ ምንም ሳይጠይቅ በሌላኛው ጎኑ እስኪቀመጥ ድረስ እኔም አብሬው ቆየሁ።